የእናቱ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ

ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሲያትል

ለምወድሽ እናቴ፣

የጌታ ሰላም በአንቺና በቤትሽ ላይ ይብዛ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን መድኃኒት ምግብ ቀምሰሽ ነው የምትወስጂው ወይስ እንደ ልማድሽ በባዶ ሆድሽ? የጓሮው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ ወይ? የጸሎት ጓደኞችሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ምራትሽ ሰምሃል እጅ ትነሣለች። ሚርያም አራት ዓመቷን ደፈነች። በአማርኛ ስናናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልን፤ «አያቴ ልትመጣ ነው» የሚለውን ግን በአማርኛ ለምዳው ለመጣው ሰው ሁሉ ትናገራለች።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጡልሽ እትዬ ባየሽ ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው፤ ነገ ሐሙስ ይነሣሉ። እህታቸው ይርጋለም ከተማ ስለምትኖር፣ ዲላ ድረስ ዘልቀው በእጅሽ እንዲሰጡሽ አደራ ብያቸዋለሁ። ውስጡ ያለውን አያውቁም። እማዬ፣ መነጽርሽን አድርገሽ ብቻሽን አንብቢው። ካነበብሽ በኋላ ለማን እንደምትነግሪና ለማን እንደማትነግሪ አንቺ ታውቂያለሽ።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም ትዪኝ ይሆናል። ስድስት እሑድ ሞክሬያለሁ። ቪዛው ከተመታልሽ ወዲህ «የልጄን መቃብር በዓይኔ አይቼ፣ አፈሩን በእጄ ነክቼ ልመለስ ነው» ስትዪ አፌ ይያዛል። ሲፈታልኝም ሌላ ውሸት እጨምርበታለሁ። ባለፈው እሑድ መቃብሩ ሣር አውጥቶ እንደሆነ ጠየቅሽኝ፤ «አዎ፣ ለምለም ነው» አልኩሽ። ስልኩን ስዘጋ ሰምሃል እቃ እያጠበች ነበር። ዞር ብላ፣ «እና፣ ኤርፖርት ላይ ነው የምትነግራት?» አለችኝ። ይህ አራተኛው ወረቀቴ ነው። ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ፤ ሳነባቸው አሁንም ራሴን እየሸፋፈንኩ ሆነው አገኘኋቸው።

ከሥራዬ ልጀምርልሽ፤ ነገሩ የተገለጠልኝ እዚያ ነውና።

የምሠራው ሶዶ በሚባል የመጋዘን ሰፈር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ድርጅቱ ለሙዚየሞችና ለሀብታሞች ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ያስቀምጣል፣ ያሽጋል፣ ይልካል። እኔ ሣጥን ሠሪ ነኝ። ኮምፔንሳቶ እቆርጣለሁ፣ ውስጡን በስፖንጅ እደለድላለሁ፣ ዕቃው ባሕር ተሻግሮ ሳይሰነጠቅ እንዲደርስ አደርጋለሁ። መጋዝ አያያዙንና መላጊያውን ያስተማረኝ ወንድሜ ሕዝቅኤል ነው፤ አባዬ እሱን እንዳስተማረው።

በየካቲት መጨረሻ አንድ የድንጋይ ዕቃ መጣ። ባለቤቱ የነበሩት ሽማግሌ ሞተው፣ ልጆቻቸው ወደ ወጣበት አገር ወደ ጣሊያን እንዲመለስ ወስነው ነው። አልባስጥሮስ ነው፤ ያ በስብከት ከሽቱ ጋር ሲነሣ የምትሰሚው ድንጋይ። መብራት ሲያገኘው ውስጡ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ርዝመቱ ከክንድ ብዙም አይበልጥም። ክዳኑ ላይ አንድ ሰው በግራ ክንዱ ተደግፎ፣ ግብዣ ላይ እንዳለ ሰው ጋደም ብሏል። ጭንቅላቱ ትልቅ፣ እግሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ቦርጩ ወጣ ብሏል፤ በእጁ ጠፍጣፋ ጽዋ ይዟል። ከፊት በኩል አንድ ወንድና አንዲት ሴት ገርበብ ባለ በር አጠገብ ተጨባብጠው ቆመዋል። ከኋላቸው ክንፍ ያላት ሴት ችቦ ይዛ ትጠብቃለች።

የልብስ ወይም የወርቅ ማስቀመጫ መስሎኝ ነበር። ድንጋዩን ልትመረምር የመጣችውን ባለሙያ፣ ጸጉሯ የሸበተ ረጋ ያለች ሴትዮ ናት፣ ምን ይቀመጥበት እንደነበር ጠየቅኋት።

«ሰው» አለችኝ።

ከሮማውያን በፊት በጣሊያን ይኖሩ የነበሩ ኤትሩስካን የሚባሉ ሕዝቦች እንደሠሩት፣ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ እንደሆነው፣ ሙታናቸውን አቃጥለው አመዱን በእንዲህ ዓይነቱ ድንጋይ ውስጥ ያኖሩ እንደነበር አስረዳችኝ። ጋደም ያለው ሟቹ ራሱ ነው። እጄን ከክዳኑ ላይ አነሣሁ። እማዬ፣ አንቺ እንዳሳደግሽኝ ሰው የሚቃጠለው ወይ ጠላት ሲሆን ወይ ማንም የሌለው ሲሆን ነው። ሳላስበው፣

«ዘመድ አልነበረውም?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ዘመድ ባይኖረው ይህን ማን ያሠራለት ነበር?» አለችኝ።

ከዚያ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀረጹትን ፊደሎች አሳየችኝ። በጓንቷ ጣት እየተከተለች አነበበችልኝ፤ መጀመሪያ የራሱ ስም፣ ቀጥሎ የአባቱ፣ መጨረሻ ላይ የእናቱ። ጎረቤቶቻቸው የአባትን ስም ብቻ ይጽፉ በነበረበት ጊዜ እነዚህ ሰዎች የእናትንም ስም ይጽፉ ነበር አለችኝ። «ከእገሊት የተወለደ» ነው የሚለው።

ይቅርታ ጠይቄያት እንጨት ወደሚከማችበት ክፍል ሄድኩና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ቤቴ ውስጥ፣ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ሁለት ዓመት የተቀመጠ አንድ ወረቀት ነበር። «የእናት ስም፦ አይታወቅም» ይላል።

እማዬ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆሚና ውኃ ጠጪ።

ሕዝቅኤል መቃብር የለውም። ሆስፒታል ውስጥ እጁን ይዤ አልነበረም። ፓስተር አልጸለየለትም፣ ሕዝብም አልሸኘውም። የላክሁልሽ ፎቶ፣ አስፍተሽ መስታወት አስገብተሽ ሳሎን የሰቀልሽው፣ አቶ ሥዩም የሚባሉ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የተቀበሩ ዕለት የተነሣሁት ነው። ጥቁር ልብስ ለብሼ ቆሜያለሁ፣ አንገቴንም ደፍቻለሁ፤ ከኋላዬ የሚታየው የአበባ ጉንጉን ግን የሳቸው ነው። የሞተውም በመጋቢት አይደለም። በየዓመቱ መጋቢት 20 ቀን ጾመሽ የምትጸልዪበት ቀን እኔ የፈጠርኩት ቀን ነው። ልጅሽ የሞተው ኅዳር 9 ቀን 2015 ነው፤ አራት ወር ሙሉ ሳናውቅ ቆየን። «ሕዝቅኤል ለምን አይደውልም?» ስትዪኝ «ስልኩ ተበላሽቶበት ነው» እልሽ የነበረው ሞቶ ሳለ ነው። ያን ጊዜ ግን መሞቱን አላውቅም ነበር። ይህን እመኚኝ፤ ከተናገርኩሽ ሁሉ ይህ አንዱ እውነት ነው።

አሁን እንዴት እንዲህ ላይ እንደደረስን ልንገርሽ።

ወደዚህ አገር ያመጣኝ እሱ ነው። በየዓመቱ የዲቪ ሎተሪውን ቅጽ የሚሞላልኝ እሱ ነበር፤ ስሜን ሲጽፍ አንድ ፊደል እንዳይሳሳት ስልክ ይደውልልኝ ነበር። የመጣሁ ቀን ኤርፖርት ላይ የራሱን ጃኬት አውልቆ አለበሰኝ። ኦበርን በምትባል ከተማ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ፣ አልጋውን ለኔ ሰጥቶ መሬት ላይ ተኛ። ያን ጊዜ ጠንካራ ሰው ነበር፤ መጋዘን ውስጥ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል ይሉት ነበር። ከዚያ ወገቡ ተጎዳ። መጀመሪያ የማስታገሻ ክኒን ነበር። ክኒኑን ሲከለክሉት መጠጥ ሆነ። ሥራው ሄደ፣ ቤቱም ሄደ፣ እኛ ዘንድ ቢከን ሂል መጣ። ሰምሃል አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችበትም። እኔ ነኝ ያጠቆርኩት። በቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበርኩ፤ ጠርሙሱን ሳይሆን ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ነበር የምፈራው።

ሰኔ 2014 ላይ አንድ ቅዳሜ ቀትር፣ ሰምሃል ሥራ ገብታለች፣ እኔ ሱቅ ደርሼ ልምጣ ብዬ ሚርያምን ለእሱ ትቼለት ወጣሁ። ገና ዓመቷ ነበር። ስመለስ ሕንፃው በር ላይ የእሳት አደጋ መኪና ቆሟል፣ ጎረቤቱ ሁሉ መንገድ ላይ ነው። እንቁላል ሊጠብስ መጥበሻ ጥዶ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ጭስ ብቻ ነበር፤ ልጅቷ በአንዲት ጎረቤት እቅፍ ሆና ታለቅሳለች፣ ምንም አልሆነችም። እሱ በባዶ እግሩ ጥግ ላይ ቆሟል። ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አልኩት።

ሚርያምን እያየ፣ «ደህና ናት?» ብቻ አለኝ። ልብሱን በአንድ ቦርሳ አድርጌ ደረጃው ላይ አኖርኩለት። ጫማውን እዚያው አጠለቀና ሄደ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ከድንገተኛ ክፍል ተደውሎልኝ ሄጄ ነበር። ደህና ሆኖ ጠበቀኝ፤ መኪና ውስጥ «ትቼዋለሁ፣ መጠጡን ትቼዋለሁ» ይለኝ ነበር። መጠጊያ የሌላቸው ሰዎች መጠለያ በር ላይ አውርጄው ተመለስኩ። ቤት እንሂድ አላልኩትም። ሌላ ጊዜ ቢከን ሂል ባቡር ጣቢያ አየሁት፤ ጺሙ አድጓል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። እጁን አነሣልኝ። ባቡሩ ሲመጣ እሱ ከገባበት ቀጥሎ ባለው ፉርጎ ገባሁ። እማዬ፣ በሕይወቴ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

መሞቱን የነገረኝ ፍስሐ ነው። ኦበርን አብረውት ይሠሩ ከነበሩት አንዱ ነው፤ አሁን መጠለያው ውስጥ ምግብ በማደል ያገለግላል። መጋቢት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ፣ አምልኮው ሲያልቅ በር ላይ ጠበቀኝና፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ፤ ሳልደርስህ ቀረሁ» አለኝ። ያወቅሁ መስሎት ነው። አለማወቄን ከፊቴ ሲያይ ደነገጠ። ኅዳር ላይ ሕዝቅኤል ከመጠለያው ማዶ ባለ የአውቶቡስ ፌርማታ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ቀን በብርሃን፣ ልቡ ቆሞ ተገኘ። መጠጥ አልነበረበትም አለኝ፤ ሁለት ወር አልቀመሰም። መጠለያው ሲገባ በሞላው ቅጽ ላይ፣ አንድ ነገር ብሆን ጥሩልኝ ብሎ የጻፈው አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ነበር። ያንኑ ወረቀት ላይ ጽፎ በኪሱ ይይዝ ነበር። ፍስሐ «ዘመድ አለህ?» ሲለው፣ «ታናሼ አለ፤ ተናዶ ነው እንጂ ሲደወልለት ያነሣል» ብሎ መለሰለት።

ፍስሐን ቁጥሩ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ዘመድ ያልተገኘላቸውን ሙታን ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። የሚጠብቁትን ያህል ጠብቀው፣ ማንም ስላልመጣ፣ በሕጋቸው መሠረት አቃጥለውታል። አልወቅሳቸውም፤ ሥራቸውን ነው የሠሩት። ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን፣ ላዩ ላይ ስምና ቁጥር የተለጠፈበት፣ አስፈርመው ሰጡኝ። ከሱም ጋር የሞት የምስክር ወረቀቱን። የአባት ስም አይታወቅም፣ የእናት ስም አይታወቅም ይላል። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ስልክ ደወልኩልሽ፤ ትናንትና በድንገት ሞተ፣ እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ ስምሽን ጠርቶ ነው የሞተው አልኩሽ። ጩኸትሽን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። አንድ ቀን ረጋ ስትዪ እውነቱን እነግራታለሁ ብዬ ነበር። አንቺ ግን በዚያ ውሸት ተጽናናሽ። «ብቻውን አልሞተም፤ ወንድሙ ነበረለት» እያልሽ ለለቅሶ ደራሹ ሁሉ ትናገሪ ነበር። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንጠቅሽ?

ሣጥኑ ቤታችን ቁም ሳጥን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፣ ከሚርያም የክረምት ልብስ ኋላ። ሰምሃል ታውቃለች። ሌላ ሰው አያውቅም ነበር። የእንጨት ማደሪያ ልሠራለት ሦስት ጊዜ እንጨት ቆርጫለሁ። የቆረጥኩትን ግን ሦስቱንም ጊዜ ለሰው ዕቃ ሣጥን አዋልኩት።

ወደ ድንጋዩ ልመለስ። ክዳኑን አንሥተን ለብቻው የምናሽግበት ቀን፣ ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዱት ጋሽ ኪዳነ ወልድ መጡ። የጎንደር ሰው ናቸው፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከኔ በቀር በአማርኛ የሚያዋራቸው የለም። ባለሙያዋ ድንጋዩ ውስጥ ጥግ ላይ ቀርቶ የነበረውን ግራጫ ብናኝ በብሩሽ ሰብስባ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አድርጋ፣ ከሱ ጋር ወደ አገሩ ይመለሳል ብላ ስም ጻፈችበት። ጋሽ ኪዳነ ወልድ ምንድነው አሉኝ። ነገርኳቸው። ቆባቸውን አወለቁና አማተቡ። ያን ዕለት መኪናቸውን እንቅልፍ የያዘው ልጅ እንዳይነቃባቸው እንደሚፈራ ሰው አድርገው ነዱት።

ምሳ ሰዓት ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እንዴት እንደጀመርኩት አላውቅም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፎቶውንም ጭምር። ምግባቸውን ከደኑና፣

«ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው በለኛ፣ እናትህ የማያውቁትን ሰው ቀብር እያዩ ሲያለቅሱ» አሉኝ።

ቀጠሉና፣ «አፈር ሳይለብስ ቀረ ብለህ እንዳይሆን የምታዝነው፤ አመዱስ አለ» አሉ። «የእናትህ ስም ግን የት አለ? እሱ ያንተ ፈንታ ነበር።»

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ አመዱን ወደሰጠኝ ቢሮ ሄድኩ። የምስክር ወረቀቱ ላይ የአባቱና የእናቱ ስም እንዲገባ ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቅሁ። ዝምድናዬን የሚያሳይ ሰነድና ያንቺን መታወቂያ ኮፒ አሉኝ። መጋቢት ላይ የመታወቂያሽን ፎቶ ላኪልኝ ያልኩሽ ለቪዛው አልነበረም። የአባዬን የቀበሌ ወረቀት ፈልጊልኝ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ሁሉንም አስተርጉሜ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ወሰድኩት።

የተቀበለችኝ ወጣት ሴት ናት፣ ደግ ሰው ናት። ማመልከቻዬን ከድሮው መዝገብ ጋር ልታመሳክር ኮምፒዩተሯን ከፈተች። የቅርብ ዘመድ እያለ እንዴት ዘመድ አልተገኘም ተባለ ብላ ራሷ ገርሟት ነው የፈለገችው፤ ለኔ የተቆረቆረች መስሏታል። ከዚያ አነበበችልኝ። ኅዳር 10 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ፣ በኪሱ በተገኘው ወረቀት ላይ ባለው ቁጥር ተደወለ። አንድ ወንድ አነሣ። ሕዝቅኤል የሚባል ሰው ታውቃለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ «አላውቀውም» ብሎ ንግግሩ ሳያልቅ ዘጋ። በማግስቱ ሁለት ጊዜ ተደወለ፤ አልተነሣም።

«ምናልባት ቁጥሩን ተሳስቶ ጽፎት ይሆናል» አለችኝ። «ሰው ሲታመም ይሳሳታል። ወይም የነበረው ሰው ስልክ ቀይሮ ይሆናል። ታውቀው እንደሆነ ላንብብልህ?»

አሥሩንም አኃዝ አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ወንድሜ ቁጥር አይሳሳትም፣ እማዬ። ፊደልም አይሳሳትም ነበር። እኔም ከመጣሁ ጀምሮ፣ እሱ ራሱ ያወጣልኝን ስልክ አንድም ቀን አልቀየርኩም።

ፈርም የሚልበት ቦታ ላይ ፈርሜ ወጣሁ።

የታረመው ወረቀት ባለፈው ሳምንት በፖስታ መጣ። ሙሉ ስምሽ ከነአያትሽ ስም ተጽፏል፤ ሰምሃል ሁለት ጊዜ ቼክ አድርጋዋለች። ድንጋዩም ከፋሲካ በኋላ ሄደ፤ በደህና ደርሷል ብለው ጽፈውልናል።

አሁን የቀረው ያንቺ ውሳኔ ነው። እዚህ መሬት ገዝተን እንቅበረው ብትዪ፣ ለፓስተራችን ሁሉንም ነግሬዋለሁ፣ እመጣለሁ ብሏል። ወደ አገሩ ይዤው ልመለስ ካልሽ፣ ወረቀቱ ተዘጋጅቷል፣ አባዬ አጠገብ ታኖሪዋለሽ። ሰው ምን ይላል ብለሽ የምትጨነቂ አይመስለኝም፤ ያ የኔ በሽታ እንጂ ያንቺ ሆኖ አያውቅም። ማደሪያውን ግን አንቺ ሳታዪው አልሠራውም። ምን ዓይነት እንጨት እንደሚሆን፣ ላዩ ላይ ምን እንደሚጻፍ ንገሪኝ። ፎቶውን ከግድግዳው አውርጂው። በምትኩ እሱ ጃኬቱን አልብሶኝ ኤርፖርት ላይ የተነሣነውን እልክልሻለሁ፤ እየሳቀ ነው።

ጉዞሽን እንዳትሰርዢ እለምንሻለሁ። ስለኔ ሳይሆን ስለ ሚርያም፣ ስለ ሰምሃልም፣ እሱም ስለሚጠብቅሽ። ግንቦት 22 ቀን ሰምሃልና ሚርያም ኤርፖርቱ ውስጥ ገብተው ይቀበሉሻል። እኔ መኪና ውስጥ እቆያለሁ። ሻንጣሽን የሚያነሣ ሰው አለ፣ አትቸገሪም። ከሰምሃል ጋር በታክሲ ልሂድ ብትዪም ቅር አይለኝም፤ ቤቱ ያንቺ ነው፣ እስክትጠሪኝ ሌላ ቦታ አድራለሁ። ልታዪኝ ከፈቀድሽ ግን፣ ወደ መኪናው ስትመጪ ሞተሩን አጥፍቼ፣ በሩን ከፍቼ ታገኚኛለሽ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ በአየርም በምድርም መልአኩን ይላክልሽ። ጉልበትሽን ያበርታ፣ ልብሽንም ይህን በምታነቢበት ሰዓት እሱ ራሱ ይያዝልሽ። ዕድሜሽ ይርዘም። ለኔ ባትጸልዪልኝም፣ በኅዳር 9 ቀን ጸልዪ።

የመጨረሻው ልጅሽ፣
የሕዝቅኤል ወንድም